ወይን ጠጁን ከነተራራው መሸጥ፤ በሊጉርያ ባሕር ዳርቻ ስለሚደረገው የአንድ ቀን የመብልና የመጠጥ ጉብኝት

በንግድ ዓለም እንደሚታወቀው፥ አንድ ዕቃ ከተመረተበት ስፍራ ተነሥቶ እስከሚበላበት ስፍራ ድረስ በሚያደርገው ጉዞ በየደረጃው ዋጋ ይጨመርበታል። አጓጓዡ፥ ጅምላ ነጋዴውና ባለሱቁ ሁሉም የየድርሻቸውን ያክሉበታል፤ አምራቹ ግን ከመጀመሪያይቱ ዋጋ በቀር የሚደርሰው የለም። በሜዲቴራንያን ባሕር ዳርቻ ግን ይህ ሥርዓት የሚገለበጥበት አንድ ዐይነት ንግድ አለ። ይኸውም ዕቃው ወደ ገዢው በመሄድ ፈንታ ገዢው ወደ ዕቃው እንዲመጣ የሚደረግበት፥ በአስጎብኚ እየተመሩ አንድ ቀን ሙሉ እየቀመሱ የሚውሉበት ጉብኝት ነው።

ይህ ንግድ ላይ ላዩን ሲያዩት የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ሒሳቡን ለመረመረ ነጋዴ ግን ሌላ ነገር ይገለጥለታል። እጅግ ብዙ ድካም የሚጠይቅና በዚያው መጠን ውድ የሆነ ዕቃ፥ በርካሽ ዕቃ በተሞላ ገበያ ውስጥ ተገቢ ዋጋውን አግኝቶ የሚሸጥበት ዘዴ ነው። ዘዴው ካልሠራ የሚጠፋው የአንድ ባለሱቅ ትርፍ ብቻ አይደለም፤ ዕቃውን ያበቀለው ተራራ ራሱ ይፈርሳል።

ስፍራውና አመጣጡ

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት በሰሜን ምዕራብ ኢጣልያ፥ በሊጉርያ፥ ከላ ስፔዝያ ወደብ በስተ ምዕራብ የሚገኘውን ቺንኰ ቴሬ የተባለውን ዳርቻ መመልከት ይበቃል። ስሙ ሲተረጐም «አምስቱ ምድሮች» ማለት ሲሆን፥ ሞንቴሮሶ፥ ቬርናጻ፥ ኮርኒልያ፥ ማናሮላና ሪዮማጆሬ የተባሉትን አምስት መንደሮች ያጠቃልላል። ተራራው ከባሕሩ ቀጥ ብሎ የወጣ በመሆኑ ሜዳ የሚባል የለም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ የአገሩ ሰዎች ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ ገደሉን እየቈረጡ፥ ድንጋዩን ያለ ጭቃና ያለ ኖራ እየካቡ፥ ከካቡም ኋላ አፈር እየሞሉ ጠባብ ጠባብ እርከን ሠርተው ወይን ተከሉበት። የኮንሶን እርከን ያየ ኢትዮጵያዊ የዚህን ሥራ ድካም ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል።

በእንዲህ ያለው ገደል ላይ ትራክተር ሊገባ አይችልም። ቁፋሮው፥ ክርከማውና ለቀማው በእጅ ይሠራል። የተለቀመውን ዘለላ በቅርጫት አድርጎ በትከሻ መሸከም የጥንት ልማድ ሲሆን፥ በቅርብ ጊዜ በአንዳንድ ስፍራ በአንድ ሐዲድ ላይ በሞተር የሚሄድ ትንሽ ጋሪ ሸክሙን አቅልሎታል። ቢሆንም ሜዳ ላይ በመኪና ከሚለቀም ወይን ጋር ሲነጻጸር የአንዲቱ ጠርሙስ የሥራ ዋጋ እጅግ ይበልጣል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1874 ዓ.ም. ከጄኖቫ እስከ ላ ስፔዝያ የሚደርሰው የባቡር ሐዲድ ሲከፈት፥ ቀድሞ በጀልባና በእግር መንገድ ብቻ ይደረስባቸው የነበሩት መንደሮች ከውጭው ዓለም ጋር ተገናኙ። ባቡሩ ግን እንግዳ እንዳመጣ ሁሉ ጕልማሶችንም ወሰደ፤ በላ ስፔዝያ የባሕር ኀይል መሥሪያ ቤት ደመወዝ የሚያገኝ ሰው ወደ ካቡ መመለስን አልወደደም። በዚህም ምክንያት ብዙው እርከን እየተተወ ዳዋ ለበሰ። በኋላም እ.አ.አ. በ1997 ዓ.ም. ስፍራው በዓለም ቅርስነት በዩኔስኮ ተመዘገበ፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ፓርክ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ጎብኚው እየበዛ ቢሄድም የገበሬው ቍጥር በዚያው ልክ አልጨመረም። የአንድ ቀን የመብልና የመጠጥ ጉብኝት የሚያስፈልገው እንግዲህ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ድልድይ ለመሆን ነው።

የቀኑ አካሄድ

ሥርዓቱ እንደየአስጎብኚው የሚለያይ ቢሆንም የተለመደው አካሄድ የሚከተለው ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ እንግዶቹ በላ ስፔዝያ ባቡር ጣቢያ ይሰበሰባሉ። ባቡሩ ተራራውን በዋሻ እያቋረጠ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሪዮማጆሬና ማናሮላ ያደርሳል። ብልኅ አስጎብኚ እንግዶቹን በቀጥታ ወደ ማእድ አይወስዳቸውም፤ አስቀድሞ ወደ እርከኑ ያወጣቸዋል። ካቡ ያለ ሲሚንቶ የተሠራው የዝናቡ ውሃ በድንጋዮቹ መካከል እየሰረገ እንዲወጣ መሆኑን፥ አንዲት ድንጋይ ወድቃ ካልተመለሰች ግን ውሃው በዚያ በኩል አፈሩን ጠርጎ ጠቅላላውን ካብ እንደሚያፈርስ ያስረዳቸዋል። ይህ በደረቅ ድንጋይ የመካብ ጥበብ እ.አ.አ. በ2018 ዓ.ም. ኢጣልያን ጨምሮ በስምንት አገሮች ስም በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ከእርከኑ በኋላ የሚቀጥለው የወይን ጠጅ መጋዘን ነው። ከማናሮላ በላይ ግሮፖ በተባለው ስፍራ ብዙ ትናንሽ ገበሬዎች ዘለላቸውን የሚያስረክቡት የኅብረት ሥራ ማኅበር መጥመቂያ አለ፤ ከዚህ ሌላ በየመንደሩ የግል ጠማቂዎች ይገኛሉ። በዚያ የሚቀመሰው ቦስኮ፥ አልባሮላና ቬርሜንቲኖ ከተባሉት ሦስት የወይን ዐይነቶች የሚጠመቀው ደረቅ ነጭ ወይን ጠጅ ነው። ጠጁ የሚቀርበው ብቻውን ሳይሆን ከዳቦ፥ ከፎርማጆና በጨው ከታሸ ዓሣ ጋር ነው፤ ምክንያቱም በባዶ ሆድ የቀመሰ እንግዳ ጣዕሙን በሚገባ ስለማይለይና አመዛዝኖም ስለማይገዛ ነው።

በ7 ሰዓት ምሳ ይሆናል። የዚህ አገር ማእድ መለያው ፔስቶ የተባለው ማባያ ሲሆን፥ የበሶብላ ዘመድ የሆነውን ባዚሊኮ የሚባለውን ቅጠል ከነጭ ሽንኩርት፥ ከፒን ዛፍ ፍሬ፥ ከጨው፥ ከሁለት ዐይነት ደረቅ ፎርማጆና ከወይራ ዘይት ጋር በእብነ በረድ ሙቀጫና በእንጨት ዘነዘና በመውቀጥ ይዘጋጃል። አንዳንድ ቤቶች እንግዳው ራሱ እንዲወቅጥ ያደርጋሉ። በመፍጫ መኪና ሲፈጭ ስለቱ ቅጠሉን በማሞቅ እንደሚያጠቍረው በእጁ የሞከረ ሰው፥ በፋብሪካ የተሠራውን ጠርሙስና የእጅ ሥራውን ለይቶ መክፈል ይማራል። ከዚሁ ጋር ፋሪናታ የሚባል ቂጣ ይቀርባል፤ ይህም የሽምብራ ዱቄት በውሃ፥ በጨውና በወይራ ዘይት ተበጥብጦ በሰፊ የመዳብ ምጣድ በእንጨት እሳት የሚጋገር ነው። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከፍተኛ የሽምብራ አምራች ከሆኑት አገሮች አንዷ በመሆኗ ይህ ምግብ ለሽምብራ ላኪዎች እንግዳ ነገር ሊሆንባቸው አይገባም።

ከምሳ በኋላ በጀልባ ወደ ቬርናጻና ወደ ሞንቴሮሶ ይሄዳሉ። ኮርኒልያ ከባሕሩ በላይ መቶ ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች ጀልባ አይቆምባትም፤ ከባቡር ጣቢያዋም ቢሆን ከ370 በላይ ደረጃዎች መውጣት ያስፈልጋል። ስለዚህ አረጋውያን ያሉበት ጓድ ብዙ ጊዜ ያልፋታል። በሞንቴሮሶ የሚታየው ጣት የምታህለው አንቾቪ የተባለችው ዓሣ ናት። ዓሣዪቱ በሌሊት በመብራት ተስባ ትጠመዳለች፤ ራሷ ተቈርጦ ሆድ ዕቃዋ ከወጣ በኋላ በማሰሮ ውስጥ አንድ ረድፍ ዓሣ፥ አንድ ረድፍ ጨው እየተደረገ ትደረደራለች፤ በላይዋም ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጭኖባት ሳምንታት ትቈያለች። ይህ ምግብ ብዙ ወራት ሳይበላሽ ስለሚቈይ እንግዳው ወደ አገሩ ሊወስደው የሚችለው ሸቀጥ ነው።

ቀኑ የሚዘጋው ሻኬትራ በተባለው ጣፋጭ ወይን ጠጅ ነው። ለዚህ ጠጅ የተመረጡት ዘለላዎች ከተለቀሙ በኋላ ወዲያው አይጨመቁም፤ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር ተደርድረው ቢያንስ እስከ ኅዳር ወር መጀመሪያ በአውሮፓ አቆጣጠር ድረስ ይደርቃሉ። ውሃው ስለሚተን ከትኩሱ ወይን ክብደት ግማሹ እንኳ ወደ ጠጅነት አይደርስም። ከዚያም ለገበያ እስኪወጣ ከአንድ ዓመት በላይ ይቈያል፤ «ሪዘርቫ» የሚባለውም ሦስት ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ጠርሙስ ይሸጣል፤ ዋጋውም ከተራው ነጭ ጠጅ እጅግ የላቀ ነው። በ11 ሰዓት፥ ጠዋት የወጡበትን ተራራ ወደ ኋላ እየተመለከቱ በትንሽ ብርጭቆ የቀመሱት እንግዶች ዋጋው ሲነገራቸው ብዙ አይከራከሩም።

የሒሳቡ ነገር

ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ይኸው ጠርሙስ በአንድ ትልቅ ከተማ ሱቅ ውስጥ ቢደረደር፥ በአጠገቡ ከሜዳ የመጣ፥ በመኪና የተለቀመ፥ ዋጋው ግማሽ የሆነ ሌላ ነጭ ወይን ጠጅ ይኖራል። በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ስለ ካቡ ሊናገር አይችልም፤ ገዢውም «ይህ ለምን ይወደዳል?» ብሎ ርካሹን ያነሣል። ግማሽ ቀን በእርከኑ ላይ የዋለ ሰው ግን ይህን ጥያቄ አስቀድሞ ራሱ መልሶታል። እንግዲህ ጉብኝቱ የሚሸጠው መብሉን ብቻ አይደለም፤ የዋጋውን ምክንያት ጭምር ነው።

ክፍያው እንዴት እንደሚከፋፈል ለማስረዳት ያህል ብቻ፥ አንድ እንግዳ ለቀኑ 100 ዩሮ ከፈለ እንበል። ከዚህ ላይ 25ቱ ለምሳ፥ 20ው ለጠጅ ማስቀመሻ፥ 15ቱ ለባቡርና ለጀልባ፥ 15ቱ እንግዳውን ላመጣው ወኪል ኮሚሲዮን፥ የቀረው 25 ለአስጎብኚው ቢሆን፥ 45ቱ በቀጥታ በመንደሩ ማእድና መጋዘን ይቀራል ማለት ነው። ከዚህ በላይ እንግዳው በመጨረሻ የሚገዛው ጠርሙስ፥ ዘይትና ዓሣ አለ። ይህ ሽያጭ በእጅ በእጅ የሚከፈል፥ ዱቤ የሌለበት፥ የማጓጓዣ ወጪውን ገዢው የሚችለው ስለሆነ ለአምራቹ ከሁሉ ይልቅ የጠራ ገቢ ነው።

የአስጎብኚው ድርሻ ግን በእንግዳው ቍጥር የሚወሰን ነው። ከላይ በተባለው ሒሳብ 12 እንግዶች ቢኖሩ 300 ዩሮ ያገኛል፤ 4 ብቻ ቢመጡ 100 ዩሮ ይሆናል፤ ድካሙና ሰዓቱ ግን አንድ ነው። ስለዚህ ከዚህ ያነሰ ሰው ካለ አንሄድም የሚል ወሰን ያበጃል፤ ከመጠን በላይ እንዳይበዙም ይጠነቀቃል፤ ምክንያቱም ጠባቡ እርከንና ትንሹ መጋዘን ብዙ ሰው አይችሉም፤ ቆሞ በጥሞና ያልሰማ ሰውም አይገዛም።

ከውጭ ሆኖ ይህን ጉብኝት ለደንበኞቹ የሚሸጥ ወኪል ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። አንደኛ፥ በኢጣልያ አስጎብኚነት ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ ስለሆነ መሪው ፈቃድ ያለው መሆኑን ነው። ሁለተኛ፥ ባሕሩ ሲናወጥ ጀልባ ስለማይነሣ በምትኩ በባቡር እንደሚኬድ በውሉ ላይ መጻፉን ነው። ሦስተኛ፥ ገንዘብ የሚመለስበትን ሁኔታ ነው። በአውሮፓ ኅብረት እ.አ.አ. በ2015 ዓ.ም. የወጣው የጥቅል ጉዞ ደንብ ከ24 ሰዓት በታች የሆነና ማደሪያን የማያካትት ጉዞን አይሸፍንም። ስለሆነም ድርጅቱ ቢከስር ለብዙ ቀን ጉዞ የሚሰጠው ዋስትና ለአንድ ቀን ጉብኝት እንዳለ ቈጥሮ መዘናጋት አይገባም።

አደጋው

ጎብኚ በበዛ ቍጥር ሁሉም ይጠቀማል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በማለዳ በባቡር መጥቶ፥ ጠባቡን መንገድ ሞልቶ፥ ፎቶግራፍ አንሥቶ፥ የያዘውን ምግብ በልቶ ማታ የሚመለስ ሰው ለገበሬው የሚተወው ነገር የለም። እንዲያውም ጕልማሳው ከወይን ቦታው ይልቅ ለእንግዳ ክፍል ማከራየትን እንዲመርጥ ያደርገዋል። ካቡን የሚጠግን ሲጠፋ ደግሞ እንግዳው ሊያየው የመጣው ነገር ራሱ ይጠፋል።

እ.አ.አ. ጥቅምት 25 ቀን 2011 ዓ.ም. የወረደው ኀይለኛ ዝናብ ቬርናጻንና ሞንቴሮሶን በጎርፍና በጭቃ ሞላቸው፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ፤ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ከነዕቃቸው ተቀበሩ። የዝናቡ ብዛት ከሰው ዐቅም በላይ ነበር፤ ነገር ግን ጥገና ያጣ እርከን ለናዳ ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑ የታወቀ ነው። በሚከተለው ዓመት በ2012 ከሪዮማጆሬ ወደ ማናሮላ በሚወስደው «የፍቅር መንገድ» በተባለው የእግር መንገድ ላይ ድንጋይ ተንዶ ጎብኚዎችን አቈሰለ፤ መንገዱም ተዘግቶ ቈየ። በ2024 ዓ.ም. እንደገና ሲከፈት ሰዓት አስይዞና ገንዘብ ከፍሎ የሚገባበት ሆነ። ከዚህም የሚታየው፥ ቀድሞ በነጻ የሚታይ ይመስል የነበረው ነገር ለካ ጠባቂ የሚያስፈልገው ውድ ንብረት መሆኑ ነው።

ስለ ስም መጠበቅ

ገዢው ስፍራውን አይቶ ከተመለሰ በኋላ በአገሩ ሱቅ የሚፈልገው ስሙን ነው። ስሙ ካልተጠበቀ ግን ሌላው ነጋዴ ከሌላ ቦታ የመጣ ጠጅ በዚያው ስም ሊሸጥለት ይችላል፤ የተራራው ድካምም የሜዳው ትርፍ ይሆናል። ይህን ለመከላከል የቺንኰ ቴሬ ወይን ጠጅ እ.አ.አ. ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ የትውልድ ስፍራ ስሙ በሕግ እንዲጠበቅለት ተደርጓል፤ ከየትኛው ቦታና ከየትኞቹ የወይን ዐይነቶች መጠመቅ እንዳለበትም ተወስኗል። የጄኖቫ ባዚሊኮም እ.አ.አ. በ2005 ዓ.ም. በአውሮፓ ኅብረት ይኸው ጥበቃ ተሰጥቶታል።

ኢትዮጵያም በዚህ ጕዳይ የራሷ ታሪክ አላት። የይርጋ ጨፌ፥ የሐረርና የሲዳሞ ቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት በውጭ አገር እንዲመዘገቡ እ.አ.አ. ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ጥረት ተደርጎ፥ በ2007 ዓ.ም. ከአንድ ታላቅ የአሜሪካ ቡና ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ ተደርሷል። ስሙን ማስመዝገብ ግን የሥራው ግማሽ ነው፤ ገዢው ስሙን ሲሰማ ትዝ የሚለው ስፍራ ሲኖረው ነው ዋጋው የሚጸናው።

ለኢትዮጵያ ነጋዴ የሚሆን ማስታወሻ

ከውጭ ወይን ጠጅ የሚያስመጣ ነጋዴ በሻኬትራ ስም ትልቅ ጠርሙስ በርካሽ ዋጋ ከቀረበለት፥ ከላይ እንደተገለጸው የአሠራሩ ወጪ ይህን ስለማይፈቅድ፥ የመርከሱን ምክንያት መርምሮ በጠርሙሱ ላይ ያለውን የጥበቃ ምልክት ሳያይ መግዛት አይገባውም።

ቡናና ጥራጥሬ የሚልክ ነጋዴ ደግሞ ገዢው ለውል ሲመጣ በከተማ ቢሮ ብቻ አስተናግዶ ከሚመልሰው፥ አንድ ቀን ጨምሮ ወደ እርሻው ቢወስደው የሚወጣው ወጪ ጥቂት ነው። በጥላው ሥር የሚለቀመውን ፍሬ፥ በአልጋ ላይ በእጅ እየተለየ የሚደርቀውን ቡና አይቶ የተመለሰ ገዢ ስለ ዋጋው የሚነጋገረው በሌላ መንፈስ ነው። በዚያም ቀን ማእዱ፥ ማረፊያውና የሚሸጠው ናሙና አስቀድሞ የተዘጋጀ መሆን ይገባዋል፤ እንግዳው ለመግዛት ፈቅዶ ሳለ የሚገዛው ዕቃ ያልቀረበለት እንደሆነ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

ባለሱቁም ቢሆን ከዚህ የሚወስደው አለ። ደንበኛው ሁለት የማር እንስራ አይቶ አንዱ ለምን እንደተወደደ ሲጠይቅ፥ «ይኸኛው ጥሩ ነው» ብሎ ከማለፍ ይልቅ ከየት እንደመጣ፥ ማን እንደቈረጠውና በምን ወር እንደተቈረጠ ቢነግረው፥ ተራራውን ባያሳየውም የተራራውን ወሬ ያደርስለታል። ይህን ለመናገር ግን ባለሱቁ ራሱ አስቀድሞ አምራቹን ጠይቆ ማወቅ ይኖርበታል።